አንድ ሰው ይናገር፤ አንድ ሰው ታኮ ይያዝ

ጀልባ የጫነ ተሳቢ ወደ ጠባብ ግቢ ስለ ማስገባት

በሙያዬ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ጀልባና ስለ ተሳቢ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ይሁንና ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ በገዛ ደጃፋችን የደረሰው ነገር ለሰው ቢነገር ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ብዕሬን አነሣሁ። ተሳቢ ያላችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከዚያም በላይ በግቢያችሁ ትንንሽ ልጆች የሚሯሯጡባችሁ አንባብያን እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

የምንኖረው አሽቀሎን ከተማ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ከተሠሩት ቤቶች በአንደኛው ነው። የበኩር ልጃችን ከጦር ሠራዊት አገልግሎቱ ሲመለስ ያጠራቀማትን ገንዘብ ከአባቱ ጋር አዋጥቶ ያገለገለ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ገዛ። ጀልባው 4 ሜትር ከ30 ይረዝማል፤ ከኋላው አሥራ አምስት የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተንጠልጥሎበታል። የሚጫነውም ሁለት ጎማ ብቻ ባለው ተሳቢ ላይ ነው። ባለቤቴ ዓሣ ማጥመድ ይወዳል፤ ልጃችን ደግሞ ባሕሩን ይወዳል። እኔም አባትና ልጅ አብረው የሚውሉበት ነገር ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ።

አብረውን የሚኖሩት አባቴ ግን የጀልባውን ፎቶግራፍ ሲያዩ ሳቁ። «ጣና ዳር ታንኳ ሲረጥብ ጎትተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ሲያረጅም ደንገል አጭደው ሌላ ይሠራሉ። ይህን ግን የት ልታሰጡት ነው?» አሉ።

ጥያቄው የቀልድ ቢመስልም ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ከቤታችን ጎን ያለው ጣሪያ ያለው የመኪና ማቆሚያ ከበሩ እስከ ኋላው ግድግዳ 5 ሜትር ከ60 ብቻ ነው። የበሩ ስፋት 2 ሜትር ከ50 ነው። በሩ የሚንሸራተተው መሬት ላይ በተቀበረ ሐዲድ ላይ ሲሆን፣ ሐዲዱ ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይላል። ከመንገዱ እስከ ውስጥ ድረስ ደግሞ መሬቱ ትንሽ ሽቅብ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከማዶ ያለውን ጥግ የጎረቤት መኪናዎች ይዘውታል። ይህን ሁሉ የምናውቀው አሁን ነው፤ ያን ጊዜ ሜትር ይዞ የለካ ሰው አልነበረም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ

ልጃችንና ባለቤቴ ጀልባውን ከአሽዶድ ጎትተው ሲደርሱ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ሰንበት ሊገባ ነው፤ ዳቦው ምድጃ ውስጥ ነው፤ እኔ ወጥ ቤት ነኝ። አባቴ እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ መሪ ላይ፣ ባለቤቴ ከኋላ ሆነው ወዲያው ጀመሩ።

አባቴ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ወርደህ ቦታውን እይ። ታኮም አዘጋጁ» አሉ።

ልጄ ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ ኢትዮጵያ አይደለም፤ መኪናው ካሜራ አለው» ብሎ መለሰላቸው። በክፋት አልነበረም፤ ቸኩሎ ነው። አባቴ ምንም ሳይሉ ተመልሰው ተቀመጡ።

ካሜራው ምን አሳየ? ከመኪናው ኋላ የተጣበቀውን የተሳቢውን አፍንጫ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጀልባው ራሱ ጋረደው። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያም ተሳቢውን እንቅፋት ነው ብሎ ስለቆጠረ ጩኸቱን አላቋረጠም። ያለማቋረጥ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ማንም አይሰማውም።

ተሳቢ ያለው መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የመሪው ነገር ይገለበጣል። መሪውን ወደ ቀኝ ስትሰብሩት የመኪናው ኋላ ተሳቢውን ወደ ግራ ይገፋዋል። ተሳቢው አጭር ሲሆን ደግሞ መታጠፉ ፈጣን ነው፤ ረጅም ተሳቢ ለሹፌሩ ጊዜ ይሰጠዋል፣ አጭሩ ግን ገና መሪውን ነካ ሲያደርጉት ዞሮ እንደ ክርን ይታጠፋል። ከታጠፈ በኋላ ወደ ኋላ መግፋት ምንም አይረዳም፤ መኪናውንና ተሳቢውን ያጋጫል እንጂ። መፍትሔው ወደ ፊት ወጥቶ ማቃናትና እንደገና መጀመር ነው። የእኛ መንገድ ግን ወደ ፊት ወጥቶ ለማቃናት የሚበቃ ስፋት አልነበረውም። መኪናውና ተሳቢው አንድ ላይ አሥር ሜትር ገደማ ናቸው።

አንዴ ሞከረ፣ ታጠፈ። ሁለተኛም ሞከረ፣ ታጠፈ። ባለቤቴ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ይላል። ከማዶ የወጣው ጎረቤታችን «ያሚና! ያሚና!» እያለ ወደ ቀኝ ይመራል። የማን ቀኝ? የማን ግራ? ከመኪናው ፊት ለፊት ቆሞ ፊቱን ወደ ሹፌሩ ያዞረ ሰው ግራው የሹፌሩ ቀኝ መሆኑን ማንም አላሰበም። ሌላ አላፊ አግዳሚም ቆሞ የራሱን ምክር ጨመረ። ልጄ የማንን ድምፅ ይስማ?

በሦስተኛው ሙከራ መኪናው በኃይል ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ የአራት ዓመት ልጃችን ኳሷን ተከትላ ከግቢው ወደ በሩ ሮጠች። ባለቤቴ የሚያየው ጎማውን ነበር። ጎረቤታችን የሚያየው ማዕዘኑን ነበር። ልጄ የሚያየው ስፖኪዮውን ነበር። ልጅቷን ያዩት አባቴ ብቻ ነበሩ።

«ቁም!» አሉ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከአባቴ ሰምቼ አላውቅም። አማርኛ ሲነገረው በዕብራይስጥ የሚመልሰው ልጄ ያችን አንዲት ቃል ሰምቶ ፍሬኑን ረገጠ። ሊጥ በእጄ እንደያዝኩ ስወጣ በጀልባው ሞተርና በበሩ ምሰሶ መካከል ልጄ ኳሷን አቅፋ ቆማለች። በእሷና በብረቱ መካከል የነበረው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም።

ልጄ ፊቱ አመድ መስሎ ከመኪናው ወረደ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም ማንንም አልወቀሰም። ተሳቢውን ከግቢያችን አጥር ጥግ አስጠግተው አቆሙት፤ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረጉ። ሰንበት ገባ።

ሰንበት

አባቴ በማግስቱ ከጸሎት ሲመለሱ ጀልባውን ዞረው ዞረው አዩት። ሰንበት ነውና ሜትር አልያዙም፣ ምንም አልነኩም። በሩን አዩ፣ ሐዲዱን አዩ፣ ሽቅቡን በእግራቸው ሄዱበት።

እኔም ከመስኮት ሆኜ እሳቸውን አያለሁ። በሥራዬ ስንት ቤተሰብ አጋጥሞኛል! ልጅ ቋንቋውን ቶሎ ይለምዳል፤ ከአያቱ ጋር ሐኪም ቤት ሄዶ ያስተረጉማል፣ ባንክ ሄዶ ይፈርማል፣ ደብዳቤ ያነብላቸዋል። እየዋለ እያደረ አያቱ ምንም የማያውቁ ይመስለዋል። ወላጁም ዝም ይላል፣ አያቱም ዝም ይላሉ። ይህን ነገር በሪፖርት ጽፌዋለሁ፣ በስብሰባ ተናግሬበታለሁ። ዓርብ ዕለት ግን አባቴ «ቦታውን እይ» ብለው ሲናገሩና መልስ ተሰጥቷቸው ሲቀመጡ በወጥ ቤቱ መስኮት ሰምቼ ዳቦዬን ማገላበጥ ቀጥያለሁ። በሰው ቤት የማየውን በቤቴ አላየሁትም።

ሰንበት እንደ ወጣ ልጄ ቡና ይዞ አያቱ አጠገብ ተቀመጠ። በተሰባበረ አማርኛው፣ «አባባ፣ በኤንትሬው ጊዜ እንዴት ነበር የምታደርጉት?» ብሎ ጠየቃቸው።

የሊማሊሞ ታኮ

አባቴ በወጣትነታቸው በ1960ዎቹ መጨረሻ ከጎንደር ወደ አሥመራ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበሩ። መኪናው ፊያት ነው፤ በዚያን ዘመን ሹፌሮቹ ኤንትሬ የሚሉት። በደባርቅና በዛሪማ መካከል ያለውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ የሠራው ጣሊያን በወረራው ዘመን ነው። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ተራራ ነው። ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ሽቅብ ሲወጡ ሞተሩ ሲደክም ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይወርዳል፤ በመኪናው ጎን እየሄደ መኪናው ሲቆም ከጎማው ኋላ ያደርጋል።

«ፍሬኑ ቢይዝም ታኮ ይደረጋል፤ ባይዝም ታኮ ይደረጋል» አሉ አባቴ። «ታኮው ረጅም እጀታ ነበረው። እጁን ከጎማ ሥር የሚያስገባ ረዳት እጁን ያጣል።»

ወደ ኋላ የሚሄድ ሹፌር አንድ ዓይን ብቻ እንዳለው፣ ሁለተኛው ዓይኑ ረዳቱ እንደሆነም ነገሩት። ስለዚህ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያም ሰው ሹፌሩ በስፖኪዮ በሚያየው ቦታ ይቆማል። ሹፌሩ ረዳቱን ካጣው፣ ቢቸኩልም ባይቸኩልም ይቆማል። «ቁም» የሚለውን ቃል ግን ማንም ቢናገረው፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ሹፌሩ ይታዘዛል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው ከቆመ በኋላ ነው።

ልጄ ይህን ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማ። ከዚያም ስልኩን አውጥቶ የግቢውን ሥዕል ይሥል ጀመር። ባለቤቴም ሜትሩን ይዞ በእጅ ባትሪ ወጣ።

እሁድ ማታ

ልኩ ሲታወቅ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ተሳቢው ከአፍንጫው እስከ ጀልባው ኋላ 5 ሜትር ከ40 ነው። ወደ ኋላ የሚወጣው ሞተር ሲጨመር 5 ሜትር ከ85 ይሆናል። ዓርብ ዕለት ሹፌሩ መልአክ ቢሆን እንኳ በሩ አይዘጋም ነበር! ስፋቱ ግን 1 ሜትር ከ90 በመሆኑ በግራና በቀኝ 30 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል።

የመጀመሪያው ውሳኔ ሞተሩን ማውረድ ሆነ። እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ሁለት ሰው ያነሣዋል፤ ዕቃ ቤት ውስጥ ሲቆለፍበትም ከሌባ ይድናል። ነገር ግን የኋላው ክብደት ሲቀንስ የተሳቢው አፍንጫ ይከብዳል። ስለዚህ አፍንጫውን የምትሸከመው ትንሽ ጎማ በደንብ መጥበቋን ማየት ያስፈልጋል። በተቃራኒው ከባድ ሞተር ከኋላ እንዳለ ከመኪናው የሚፈቱት ተሳቢ አፍንጫው ድንገት ወደ ላይ ተነሥቶ አገጭ ሊመታ ይችላል። ለጉዞ ሲሆን ከጠቅላላው ክብደት ከአምስት እስከ አሥር እጅ የሚሆነው አፍንጫው ላይ ቢያርፍ ጥሩ መሆኑን ልጄ አንብቦ ነገረን።

ሁለተኛው ውሳኔ በመኪና መግፋቱን መተው ነው። ሞተሩ ከወረደ በኋላ ጀልባውና ተሳቢው 400 ኪሎ ገደማ ናቸው። በጎማ ላይ ያለ 400 ኪሎ በትንሽ ሽቅብ ላይ አራት ሰው ይገፋዋል። ሽቅቡ ቀጥ ያለ ቢሆን ኖሮ ግን በእጅ መግፋት እብደት ነው፤ ከጠንካራ ግድግዳ ጋር በሚታሰር መጎተቻ መሳብ ይሻላል።

አባቴ ከአሮጌ የጣሪያ እንጨት ሁለት ታኮ ጠረቡ። ለእያንዳንዱ ረጅም ገመድ አሰሩለት፤ እጅ ከጎማ እንዲርቅ። በሐዲዱ ላይም በወዲህና በወዲያ ጣውላ አነጠፍን፤ ትንሿ ጎማ እንዲህ ያለ ጉብታ ላይ ስትደርስ ተቀርቅራ ትቀራለች። የጎማዎቹን ነፋስ ሞላን፤ የላላ ጎማ ጉልበት ይበላል።

ከማዶ ያለው ጎረቤታችን ሳንለምነው መኪናውን አነሣና እጅጌውን ሰብስቦ መጣ። እኔ ልጆቹን ቤት አስገባሁ። ትንሿን ልጄን በዓይኔ አይቼ፣ የጎረቤትንም ልጆች ቆጥሬ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፌ በመስኮት «ሁሉም እዚህ ናቸው» ካልኩ በኋላ ነው ሥራው የተጀመረው። ትንንሽ ሕፃናት በግቢና በመኪና ማቆሚያ ወደ ኋላ በሚሄድ መኪና ሲገጩ በአገራችን በየጊዜው የምንሰማው መርዶ ነው፤ ቤቴሬም የተባለው የሕፃናት ደኅንነት ድርጅትም የሚያስጠነቅቅበት ጉዳይ ነው። ብዙውን ጊዜ መሪውን የያዘው ወላጅ ወይም ዘመድ ነው። እኛም ከዚያ የተረፍነው በአንድ ክንድ ነበር።

ተሳቢውን በበሩ ፊት በመንገዱ ላይ አቆሙት። ከመኪናው ከመፍታታቸው በፊት ታኮዎቹ ጎማዎቹን ይዘዋል። ከዚያ መኪናው ወጣ። አሁን ተሳቢው በቦታው ዞሮ ጀርባውን ለበሩ መስጠት አለበት። አባቴ አንደኛውን ጎማ ብቻ በታኮ አስያዙና ልጄን አፍንጫውን ወደ ጎን እንዲገፋ አዘዙት። ተሳቢውም በተያዘው ጎማ ላይ እንደ በር ዞረ። መኪና አሥር ሜትር የሚፈልግበትን ነገር ተሳቢው ብቻውን በቆመበት ፈጸመው።

«እንግዲህ የምናገረው እኔ ነኝ» አሉ አባቴ። ዓርብ ዕለት ሁሉም ይናገር ነበር፤ እሁድ ማታ የሚሰማው የእሳቸው ድምፅ ብቻ ነበር። «ግፉ። ቀስ። ወደ ግንቡ ስበር። አቃና። ግፉ።» ግራና ቀኝ አላሉም፤ «ወደ ግንቡ»፣ «ወደ ሎሚው ዛፍ» ይላሉ። ግንቡና ዛፉ ለሁሉም አንድ ናቸው። ባለቤቴ በጎን እየሄደ የታኮውን ገመድ ይዞ ከጎማው ኋላ ኋላ ያስከትላል። ወደ ውስጥ ሲገፉ ተሳቢው ሊያመልጥ የሚችለው ወደ መንገዱ፣ ማለትም አፍንጫውን ወደ ያዘው ልጄ ነውና፣ ታኮው የሚከተለው በመንገዱ ወገን ነው።

ጎማዎቹ ሐዲዱን ሲሻገሩ ጎረቤታችን እግሩ አዳልጦት እጁን ለቀቀ። ተሳቢው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ልጄ ተንሸራተተና ታኮው ላይ ተቀመጠ። ቀጥ አለ። ማንም አልጮኸም። አባቴ፣ «ትንፋሽ ውሰዱ» ብቻ አሉ። ልጄ አፍንጫውን እንደያዘ ታኮውን ተመለከተ፤ ከዚያም አያቱን ተመለከተ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ጀልባው ገባ፤ ከኋላ ትራስ እንዲሆን አሮጌ ጎማ ግድግዳው ላይ አስደግፈው አቆሙት። በሩም ተዘጋ።

ከዚህ የተማርነው

ብዙ ምክር ለመስጠት አልነሣም፤ እኛን የጠቀመንን ግን ላካፍላችሁ።

ተሳቢ ከመግዛታችሁ በፊት የምታስቀምጡበትን ቦታ ለኩ። ርዝመቱን ስትለኩ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ሞተሩ ጫፍ ይሁን። አንዳንድ ተሳቢ አፍንጫው በማጠፊያ ወደ ጎን የሚታጠፍ ነው፤ ቦታ ለጠበበው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መንገዱ ሰፊ ሆኖ በመኪና የምታስገቡ ከሆነ፣ መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመዱ። መሪውን ከታች በኩል ያዙት፤ እጃችሁ ወደ ሄደበት ወገን የተሳቢው ኋላ ይሄዳል። መሪውን ጥቂት ጥቂት ብቻ ስበሩት። የሚቻል ከሆነ ተሳቢው ወደ ሹፌሩ መስኮት ወገን እንዲታጠፍ አድርጋችሁ ግቡ፤ በዚያ በኩል በዓይናችሁ ታያላችሁ። ሲታጠፍ ወደ ፊት ውጡና እንደገና ጀምሩ። ይህ ነውር አይደለም፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላልና።

ተሳቢውን ከመኪናው ሳትፈቱ ታኮ አድርጉ። ድንጋይ ታኮ አይደለም፤ ይንከባለላል። ተሳቢው በሚያመልጥበት አቅጣጫ ሊጨፈለቅ የሚችል ሰው አይቁም፤ አፍንጫውን መያዝ ግድ ሲሆን ታኮው ከጎማው አይለይ። ወደ ባሕር የሚወርድ ተሳቢ ከሆነም ሲመለስ ጎማውንና ውስጡን በጣፋጭ ውኃ እጠቡት፤ ጨው ያዛገውና በሚቀጥለው ጊዜ አልገፋ ይላችኋል።

ከሁሉ በፊት ግን ልጆቹን ቆጥሩ። ከዚያም የሚናገረው ማን እንደሆነ ወስኑ።

የሚናገረው ሰው የግድ መንጃ ፈቃድ ያለው ወይም ዕብራይስጥ የሚያቀላጥፍ መሆን የለበትም። ቦታውን አስቀድሞ ያየ፣ የማይቸኩልና ድምፁ የሚሰማ ሰው ይበቃል። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኖሯል።

አሁን ልጄና ባለቤቴ ባሕር በሚሄዱበት ማለዳ አባቴን ይቀሰቅሷቸዋል። እሳቸው ባሕሩን አይወዱትም፤ ጀልባው ውስጥም ገብተው አያውቁም። ተሳቢው ሲወጣና ሲገባ ግን ከበሩ ምሰሶ አጠገብ ቆመው ይናገራሉ። ታኮዎቹም በገመዳቸው ከመኪና ማቆሚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ልጄ ስማቸውን «ሊማሊሞ» ብሏቸዋል፤ «አባባ፣ ሊማሊሞን ያቀብሉኝ» ሲል እሰማዋለሁ።